ስለ ሃርዲ ቦይዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሬስሊንግ የሚወድ ሰው ከመሰላል ላይ በመዝለል ስለሚታወቀው ስለ ጄፍ ሃርዲ መጠየቅ አይሰለቸውም። ከየት ላይ ነው የዘለለው? እንዴት አልተሰበረም? አብዷል እንዴ? መሰላሉን ማን እንዳቆመለት የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ ሁለቱም ወንድማማቾች ናቸው። መልሱ ላይ ግን ወደ ታላቁ ወደ ማት ሳዳላ ብትይዙኝ አልክድም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃርዲ ቦይዝ እነማን ናቸው? የምር ወንድማማቾች ናቸው?

አዎ፣ የምር ናቸው። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሬስሊንግ ላይ "ወንድማማች" ከሚባሉት ጥንዶች ብዙዎቹ በትወና ብቻ ነው የሚዛመዱት። የሃርዲዎቹ ዋና ባላንጣዎች ደድሊ ቦይዝ ለምሳሌ፣ በሥጋ ምንም ዝምድና የላቸውም።

ማት በ1974፣ ጄፍ በ1977 ተወለዱ። ያደጉት አሜሪካ ውስጥ፣ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ ካሜሮን በምትባል ትንሽዬ ከተማ ነው። እናታቸውን ገና ልጆች ሳሉ በካንሰር አጡ። ከዚያ በኋላ ያሳደጋቸው አባታቸው ነው።

ሬስሊንግ የት ተማሩ?

ጓሯቸው ውስጥ። ትራምፖሊን ነበራቸው። በቴሌቪዥን ያዩትን ሁሉ ከሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር እሱ ላይ ይሞክሩ ነበር። የራሳቸው "ድርጅት" ነበራቸው፣ የራሳቸው ቀበቶም (የሻምፒዮንነት ምልክት ነው) ነበራቸው። ልጅ ሁሉ ይህን ይጫወታል። ልዩነቱ እነሱ አለማቆማቸው ነው።

በ1994 ጄፍ በ16 ዓመቱ የትልቁ የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት፣ የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ፣ የያኔው ደብሊው ደብሊው ኤፍ ሪንግ ውስጥ ገባ። ዕድሜውን ዋሽቶ ነው የገባው። የገጠመውም ከሬዘር ራሞን ጋር ነበር። ራሞን ግዙፍና የታወቀ ኮከብ፣ ጄፍ ገና ፂም ያላወጣ ቀጫጫ ልጅ። ያን ጊዜ ሁለቱም ወንድማማቾች እየተጠሩ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነበር፤ መሸነፍ። ኮከቡ ጎበዝ እንዲመስል የሚደበደብ ሰው ያስፈልጋል፤ እነሱ ያ ሰው ነበሩ። ለዓመታት እንዲህ ሠርተዋል።

ጎን ለጎን ማት ኦሜጋ የሚባል የራሱን ትንሽ የሬስሊንግ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ሼን ሄልምስ እና ሻነን ሙር ከዚያ ነው የወጡት። የሪንግ ልብሱ እቤት ይሰፋ ነበር፤ መርፌና ክሩን የያዘው ማት ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በ1998 ውል ፈረሙና ዶሪ ፈንክ ጁኒየር ዘንድ ሄደው ሠለጠኑ። በጁላይ 1999 አኮላይትስ የሚባሉትን ሁለት ግዙፎች አሸንፈው የመጀመሪያ ቀበቶአቸውን ወሰዱ። ግጥሚያው የተካሄደው እዚያው ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ነበር። በገዛ ሰፈራቸው ማለት ይቻላል።

ታግ ቲም ምንድን ነው? ሕጉ አልገባኝም።

ሁለት ለሁለት ነው። ግን ሪንግ ውስጥ ከየቡድኑ መግባት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ከገመዱ ውጭ፣ ጥጉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የውስጡ ሲደክመው የጓደኛውን እጅ ይነካል፤ ይቀያየራሉ። ሁለቱም አንድ ላይ ሪንግ ውስጥ ከተገኙ ዳኛው እስከ አምስት ይቆጥራል። አንደኛው ይውጣ ማለቱ ነው።

ድራማው ያለው እጅ መነካካቱ ላይ ነው። አንደኛው ወንድም ይደበደባል። እየተሳበ ወደ ጥጉ ይመጣል። ጣቱ ሊደርስ ሲል እግሩን ይዘው ይጎትቱታል። ሕዝቡ ይጮኻል። እንደገና ይሳባል። በመጨረሻ እጅ ለእጅ ሲነካኩ አዳራሹ ይናጋል፤ ትኩስ ጉልበት ያለው ሰው ዘሎ ይገባል። በሃርዲዎች ግጥሚያ የሚደበደበውና የሚሳበው ብዙውን ጊዜ አንድ ወንድም፣ ዘሎ የሚገባው ሌላው ነው። ሚናቸው ይቀያየራል እንጂ ቅርጹ ያው ነው።

ውጤቱ ቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ታዲያ ምን ይደንቃል?

ውጤቱ አዎ፣ ቀድሞ ይወሰናል። ስበት ግን ስክሪፕት አያነብም። ከአምስት ሜትር ከፍታ ጠረጴዛ ላይ የወደቀ ሰው ወድቋል። ጠረጴዛው ተሰብሮ ግጭቱን ያቀልለታል፤ ተጋጣሚውም ከስር ሆኖ ይቀበለዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጀርባው ያርፍበታል፣ ጉልበቱም ያርፍበታል። ጄፍ ዛሬ ሲራመድ ያየ ሰው "ውሸት ነው" አይልም።

ታዋቂ ምቶቻቸው የትኞቹ ናቸው?

የጄፍ ስዋንተን ቦምብ ነው። ከጥጉ ምሰሶ ጫፍ ወይም ከመሰላል ላይ ይነሳል። እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ይወረወራል፤ መጨረሻ ላይ አየር ላይ ይገለበጥና በጀርባው ተጋጣሚው ላይ ያርፋል። የማት ደግሞ ትዊስት ኦፍ ፌት። የተጋጣሚውን አንገት በብብቱ ይይዛል፣ ዞር ይላል፣ ይዞት ይወድቃል። ይህን ጄፍም ይጠቀምበታል።

እኔ ግን የምወደው ሦስተኛውን ነው፤ ፖኤትሪ ኢን ሞሽን የሚሉትን። ተጋጣሚው ጥጉ ላይ ተደግፎ ፈዟል። ማት ፊቱ ሄዶ በእጅና በጉልበቱ ይንበረከካል። ጄፍ ከሪንጉ ወዲያኛው ጥግ እየሮጠ ይመጣል፣ የማትን ጀርባ ይረግጣል፣ ይነሳል፣ አየር ላይ ተንጋሎ ተጋጣሚው ላይ ያርፋል። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ፎቶው ላይ የሚታየው ጄፍ ነው፤ ፀጉሩ ተበትኖ፣ እግሩ ከሰው ራስ በላይ ሆኖ። ከስር ያለው ጀርባ ግን የማት ነው። የነዚህን ሰዎች የሠላሳ ዓመት ሥራ በአንድ እንቅስቃሴ አሳዩኝ ብትሉ ይቺን ነው የማሳያችሁ።

ስማቸው ከመሰላል ጋር የሚነሳው ለምንድን ነው?

በኦክቶበር 17 ቀን 1999 ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ከኤጅ እና ከክሪስቺያን ጋር ስለገጠሙ ነው። (ክሪስቺያን ስሙ ነው፤ ስለ ሃይማኖቱ እያወራሁ አይደለም።) ዝግጅቱ ኖ መርሲ ይባላል። አራቱም ወጣቶች ነበሩ። አራቱም ጎበዝ እንደሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ኮከብ ነው የሚላቸው ግን አልነበረም።

ከሪንጉ በላይ ከረጢት ተሰቅሏል። ውስጡ 100,000 ዶላር አለ ተባለ። መሰላል ወጥቶ ያወረደ ያሸንፋል። በደብሊው ደብሊው ኤፍ በመሰላል የሚካሄድ የታግ ቲም ግጥሚያ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ "እንዲህ ነው የሚሠራው" ብሎ የሚያሳያቸው ሰው አልነበረም። አንድ መሰላል ተከፍቶ ቆመ፣ ሌላው በላዩ ላይ ተጋደመበት። ልክ ልጆች በሁለት ጫፍ ተቀምጠው ከፍ ዝቅ የሚሉበት እንጨት ሆነ። ጄፍ ከጥጉ ዘሎ አንዱ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ሌላው ጫፍ ተነስቶ ኤጅንና ክሪስቺያንን ፊታቸው ላይ ዠለጣቸው። መጨረሻ ላይ ጄፍ ከሚወድቅ መሰላል ወደ ሌላው ተሻግሮ ከረጢቱን ያዘ።

በማግስቱ አራቱ ሪንግ ውስጥ ሲቆሙ ተመልካቹ ብድግ ብሎ አጨበጨበላቸው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ኮከብ አይደሉም የሚላቸው ጠፋ።

ቲኤልሲ የሚሉት ምንድን ነው? እዚያ አሸንፈዋል?

ቲኤልሲ የሦስት ዕቃዎች ስም ምህጻር ነው፤ ጠረጴዛ፣ መሰላል፣ ወንበር። ሦስቱም ሕጋዊ መሣሪያ የሚሆኑበት ግጥሚያ ነው። ሀሳቡ የመጣው ሦስቱ ጥንዶች ሦስት መታወቂያ ስለነበራቸው ነው። ጠረጴዛ የደድሊዎች፣ መሰላል የሃርዲዎች፣ ወንበር የኤጅ እና የክሪስቺያን።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ሦስቱ ጥንዶች በትልልቅ ዝግጅት ሦስት ጊዜ ተገናኙ። በኤፕሪል 2000 ሬስልማንያ ላይ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ሰመርስላም ላይ፣ እና በኤፕሪል 1 ቀን 2001 ሂዩስተን በተካሄደው ሬስልማንያ ላይ። ሃርዲዎች አንዱንም አላሸነፉም! ሦስቱንም ቀበቶ ይዘው የሄዱት ኤጅ እና ክሪስቺያን ናቸው። ሰመርስላም ደግሞ የተካሄደው ኖርዝ ካሮላይና፣ ራሊ ከተማ ውስጥ ነበር። በገዛ ሕዝባቸው ፊት።

ማን አሸነፈ ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው አያስታውስም። ሂዩስተን ላይ የሆነውን ግን ሁሉም ያስታውሳል። ጄፍ ቀበቶዎቹን ያዘ። ከደድሊዎቹ አንዱ፣ ባባ ሬይ፣ መሰላሉን ከስሩ ወሰደበት። ጄፍ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እግሩ እየተወዛወዘ። ኤጅ ፊት ለፊቱ ካለው ረጅም መሰላል ላይ ዘለለ፣ ወገቡን አቅፎ ይዞት ወረደ። ሁለት ሰው አንድ ላይ ምንጣፉ ላይ ተከሰከሰ። ተሸናፊው ሆኖ ታሪክ ውስጥ መግባት ማለት ይህ ነው።

የወርቃማው ልብስ ታሪክ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ደግሞም ያስቃል። በኦክቶበር 2000 ኤጅ እና ክሪስቺያን ከእግር እስከ ራሳቸው ወርቃማ ልብስና ጭንብል ለብሰው "ሎስ ኮንኪስታዶረስ ነን" አሉ። በዚያ መልክ ሃርዲዎችን አታለው ቀበቶውን ወሰዱ። በማግስቱ ኤጅ እና ክሪስቺያን በገዛ ፊታቸው፣ ከኮንኪስታዶረሶቹ ጋር እንዲገጥሙ ተደረገ። ወርቃማ ልብስ የለበሱት ሰዎች መጡ፣ ገጠሟቸው፣ አሸነፏቸው። ጭንብሉ ሲወልቅ ማት እና ጄፍ! ሌባን በገዛ ጭንብሉ።

ሊታስ?

ለሁለት ዓመት ገደማ ሦስተኛዋ አባል ነበረች። ሦስቱ አንድ ላይ ቲም ኤክስትሪም ይባሉ ነበር። ዳር ቆማ የምታጨበጭብ አጃቢ አልነበረችም። እንደነሱ ከምሰሶ ላይ ትዘል ነበር፣ እንደነሱም ትመታ ነበር። በኦገስት 2000 የሴቶችን ሻምፒዮና የወሰደችው የምሽቱ የመጨረሻ ግጥሚያ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ለሴቶች ይህ ቦታ የሚሰጥ አልነበረም።

ለምን ተለያዩ?

ስንተኛውን መለያየት? ብዙ ጊዜ ተለያይተዋል።

ፍንጩ ቀደም ብሎ ይታይ ነበር። በኖቬምበር 2001 ከደድሊዎች ጋር በብረት አጥር ውስጥ ገጠሙ። ማት ወጥቷል። ጄፍ አጥሩ አናት ላይ ነው፤ ወደ ውጭ ከወረደ አለቀ፣ አሸነፉ። ዞር ብሎ ሲያይ ሌላው ደድሊ፣ ዲቮን፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ታዲያ ጄፍ መውረድ ትቶ ዘለለ። ዲቮን ተንከባለለ። ጄፍ ከባዶ ጠረጴዛ ጋር ተጋጨ፤ ተሸነፉ። ትወና ነው፣ አውቃለሁ። ግን የጻፈው ሰው ሁለቱን ልጆች በደንብ ያውቃቸዋል።

በ2002 ማት ወደ ስማክዳውን ሄደ፣ ጄፍ ሮው ላይ ቀረ፤ ሁለቱም የደብሊው ደብሊው ኢ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ናቸው። በ2003 ጄፍ ከድርጅቱ ወጣ። በ2006 ተመልሰው ተጣመሩ፣ በ2007 ቀበቶ ወሰዱ። በ2008 ማትም ጄፍም ለየብቻቸው ከፍ አሉ። ማት የኢሲደብሊው (የያኔው ሦስተኛ የድርጅቱ ፕሮግራም) ሻምፒዮን ሆነ። ጄፍ በዲሴምበር ትሪፕል ኤችንና ኤጅን አሸንፎ የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሆነ። ትልቁ ቀበቶ ማለት ነው። ከወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2009፣ ማት ሪንግ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ሊረዳው የመጣ መስሎታል። ወንበሩን አነሳና ጄፍን ራሱን አለው። ጄፍ ቀበቶውን አጣ። በኤፕሪል ሬስልማንያ ላይ ሲገጥሙ ያሸነፈው ማት ነው።

እንደ ታሪክ በጣም ያስኬዳል። ለሃያ ዓመት ጀርባውን ሲሰጥ የኖረ ሰው አንድ ቀን ቀና ቢልስ?

ብሮከን ማት ምንድን ነው? አንዱ ክፍል አይቼ ግራ ገባኝ።

መጋባቱ ልክ ነው። በ2016 ሁለቱም ቲኤንኤ የሚባል ድርጅት ውስጥ ነበሩ። ማት ከአርባ ዓመት አልፎታል። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይዘልም። ታዲያ አዲስ ሰው ሆኖ መጣ። ፀጉሩ ላይ ነጭ መስመር፣ አነጋገሩ ከየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ፣ ዓይኑ የፈጠጠ። ወንድሙን "ብራዘር ኒሮ" ብሎ ይጠራዋል። ኒሮ የጄፍ የእውነት መካከለኛ ስሙ ነው። የጠላውን ሁሉ "ዲሊት!" እያለ ያጠፋል።

በጁላይ 2016 ዘ ፋይናል ዲሊሽን የሚል ግጥሚያ ቀረበ። አዳራሽ የለም፣ ተመልካች የለም። የተቀረጸው ካሜሮን ውስጥ፣ የማት ግቢ ላይ ነው። ድሮን አለ፤ ስሙ ቫንጋርድ ዋን ይባላል፣ ገጸ ባህሪ ነው። አሮጌ ጀልባ አለ፤ እሱም ስም አለው። ርችት እንደ ጥይት ይተኮሳል። የማት አማት አትክልተኛ ሆኖ ይተውናል። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ "ይሄ ምን ጉድ ነው?" ያሰኛል። ከዚያ በኋላ ማቆም አይቻልም።

እንግዲህ መርፌና ክሩን አስታውሱ። ሰውየው በሃያዎቹ ውስጥ ልብስ ይሰፋ ነበር፣ የራሱን ድርጅት ይመራ ነበር። በአርባዎቹ ደግሞ ግቢውን ስቱዲዮ አደረገው። ያው የጓሮ ልጅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዳራሽ ሁሉ ባዶ በሆነበት በወረርሽኙ ጊዜ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች እንደ ፊልም የተቀረጹ ግጥሚያዎችን ማሳየት ጀመሩ። ማት ቀድሟቸው ነበር።

በ2017 ሬስልማንያ ላይ ምን ተፈጠረ?

ኤፕሪል 1 ቅዳሜ፣ ፍሎሪዳ፣ ሌክላንድ ከተማ። ሃርዲዎች የሪንግ ኦፍ ኦነር የታግ ቲም ሻምፒዮኖች ናቸው። ያንግ ባክስ ከሚባሉ ሌሎች እውነተኛ ወንድማማቾች ጋር በመሰላል ገጠሙ። ተሸነፉ፣ ቀበቶውን አስረከቡ።

ኤፕሪል 2 እሁድ፣ እዚያው ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ። ሬስልማንያ ነው። ሦስት ጥንዶች በመሰላል ሊገጥሙ ሪንግ ውስጥ ቆመዋል። አስተናጋጆቹ ኒው ደይ ብቅ አሉና አራተኛ ጥንድ አለ አሉ። ሕዝቡ አፍታ ዝም አለ። የሃርዲዎች የድሮ መግቢያ ሙዚቃ ተከፈተ። ጄፍ ከደብሊው ደብሊው ኢ ከወጣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነበር። የተነሳውን ጩኸት በጽሑፍ አልችለውም፤ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ ስሙት። ስታዲየሙ ሙሉ እጁን እያወዛወዘ "ዲሊት! ዲሊት!" ይላል፤ የገጸ ባህሪው ባለቤትነት ገና ክርክር ላይ ስለነበር ማንም አስጀምሯቸው አይደለም።

ጄፍ ከረጅሙ መሰላል ላይ ስዋንተኑን ወረወረ። ያንን ጊዜ ማት መሰላሉን ወጣ፣ ቀበቶዎቹን ፈታ። ትላንት ተሸናፊ፣ ዛሬ ሻምፒዮን። አንድ አዳር ነው በመካከሉ ያለው።

በጠቅላላው ስንት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል?

አንድ ላይ ሆነው፣ ደብሊው ደብሊው ኢ ውስጥ የቀድሞውን የዓለም ታግ ቲም ቀበቶ 6 ጊዜ ወስደዋል። የደብሊውሲደብሊውን፣ የሮውን እና የስማክዳውንን አንድ አንድ ጊዜ። ከዚያ ውጭ የሪንግ ኦፍ ኦነርንና የቲኤንኤን ይዘዋል። በኦክቶበር 2025 የኤንኤክስቲን (የደብሊው ደብሊው ኢ የአዳዲስ ልጆች መድረክ) ቀበቶም ወሰዱ። ሼባዎች ሆነው፣ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ላይ።

ጄፍ በየጊዜው ለምን ይጠፋል?

አንዳንዴ ጉዳት ነው። በ2019 የስማክዳውንን ቀበቶ በወሰዱ በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱ ተጎድቶ ቀበቶውን መልቀቅ ግድ ሆነ። አንዳንዴ ደግሞ ሱስ ነው፤ ራሱ በይፋ ተናግሮበታል። በ2022 ኤኢደብሊው የሚባል ድርጅት ውስጥ ከማት ጋር በተገናኘ በሦስት ወሩ ጠጥቶ ነድቷል ተብሎ ተያዘ። ድርጅቱ ያለ ክፍያ አገደው፤ ታክሞ እስኪያገግም አትመለስም አለው። ማት ጠበቀ። በ2023 ተመለሰ። በ2024 ሁለቱም ወደ ቲኤንኤ ሄዱ፤ በኦክቶበር የዚያን ድርጅት ቀበቶ ወሰዱ።

አይቼያቸው አላውቅም። ከየትኛው ግጥሚያ ልጀምር?

ከኖ መርሲ 1999። ሁለት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ጄፍን እዩ፤ ካሜራውም እሱን ነው የሚከተለው። ሁለተኛ ጊዜ ላይ ጄፍን ተዉትና ማትን ብቻ ተከታተሉ፤ መሰላሉን ሲጎትት፣ ሲያስተካክል፣ በእጁ ገፋ አድርጎ መቆም አለመቆሙን ሲፈትሽ።